በሁለተኛ ማርሽ

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ከቆርቆሮ መሸጫው ጎን ባለች ጠባብ ቤት
አንድ ኮምፒውተር አለን ለሁለት።
ጠዋት የእኔ ነው፤ ከሰዓት የጋሽ ይመር፤
እኔ ማመልከቻ ልተይብ፣ እሱ ጉርድ ፎቶ ሊያሳምር።

ማውስ ደስ የሚለኝ እንደ ፌንጣ ሲፈናጠር ነው፣
ገና ሳስበው ቀስቱን ደርሶ ሳገኘው፤
ጥፍር ታህል ገፋ ሳደርገው
ከ«ጉዳዩ» ተነስቶ «ከሰላምታ ጋር» ላይ ሲያርፍ።
የጦሳ ብርድ ባደነዘዘው እጅ
ማን ስንዝር ይሄዳል፣ ደጅ ባለጉዳይ ሲሰለፍ?

ጋሽ ይመር ግን ዝግ ያለ ይወዳል፤ ዝግ፣ እጅግ ዝግ።
ቀስቱ እስኪደርስ ከጥግ እስከ ጥግ
ማውሱን ሦስቴ አንስቶ ሦስቴ ያስቀምጣል፣
ሱሪ እንደሚተኩስ ሰው ጠረጴዛውን ያዳርሳል።
አንዴ ከስቴፕለሩ፣ አንዴ ከሻይ ብርጭቆው ሲላተም
በሻርፔ ጫፍ አፌን ይዤ ስቄያለሁ፤ እሱ አልሰማም፣
ወይም ሰምቶ ዝም።

አንዲት መንሸራተቻ አለች፤ ግራዋ «ዝግተኛ»፣ ቀኟ «ፈጣን»።
ጠዋት «ቢስሚላህ» ብዬ ቀኝ ጥግ አደርሳታለሁ፤
ከሰዓት ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ ግራ ጥግ ይመልሳታል።
ሦስት ዓመት።
ስለ ኪራይ አውርተናል፣ ስለ መብራት፣ ስለ ቀለም ዋጋ፤
ስለሷ ግን አንድም ቀን።
ሌሊት ድንበር እንደሚገፋፉ ጎረቤታሞች፣
ሲነጋ «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ብቻ።

ድሮ ሹፌር ነበር፤ ተሳቢ፣ ስሚንቶ፣ ጨው፤
ሐረጎን ስንቴ እንደወረደ እሱም አይቆጥረው።
ደንበኛ ሲያጣድፈው እንዲህ ይላል፦
«ሐረጎ በማርሽ ነው እንጂ በፍሬን አይወረድም።
በፍሬን የወረደ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ፍሬን የለውም።»
ከዚያ የአንዲት ተማሪን ፀጉር ዳር ዳሩን ይከባል፣
አንዲት ዘለላ ሳትጎድል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ደጃፋችን ላይ ተኝቶ ሳለ፣
ከኩታበር እታለማሁ የምትባል ሴት መጣች።
ከጉያዋ የሰርግ ፎቶ አወጣች፤ ስድስት ሰው አለበት።
«ይሄን፣ ዳር የቆመውን፣ ለብቻው አውጪልኝ፤
ትልቅ አድርጊው» አለች።
ለምን አላልኳትም፤ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል።
«ፎቶ የሚሠራው ከሰዓት ነው» ስላት
«መኪናው ያመልጠኛል» አለች።

ጀመርኩ። ቀስቱ ፌንጣ ነው፤
ገና ስነካው የልጁን ጆሮ ይዞት ሄደ።
መለስኩት።
ደግሜ ስጀምር የሚዜውን ክራባት ጎትቶ መጣ፤
ሦስተኛው ላይ ትከሻው ጎደለ።
ሴትየዋ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ፦
«ቀስ አርጊው ልጄ፣ ያመዋል።»

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።
ትንሽ ቆይቼ መንሸራተቻዋን ከፈትኩ፣
ግራ ጥግ ወሰድኳት።
አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፤ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።
ስቴፕለሩን ገጨሁት፤ አልሳቅሁም።
በጆሮው ጥላ ዞሬ፣ በአንገትጌው ስፌት ወርጄ፣
አገጩ ላይ ምላጭ የነካትን ትንሽ ጠባሳ ሳልፍ
እናቱ መሆኗን ከትንፋሿ አወቅኩ።
አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ብሩን ስትቆጥር
«ግማሹን» አልኳት፤ እምቢ አለች፤ ሙሉውን ከፈለች።

ከሰዓት ጋሽ ይመር ኮቱን ሰቀለ፣ ተቀመጠ፣
መንሸራተቻዋን ከፈተ፤
የሚገፋው የለም።
እጁ ባዶ ቀረ፣
የሌለ ደረጃ እንደረገጠ ሰው።
ዞር ብሎ አየኝ።
«ሰዓዳ፣ አመመሽ እንዴ?»
«አይ፣ ሐረጎን ወርጄ ነበር።»
ትንሽ አሰበ።
«በስንተኛ?»
«በሁለተኛ።»
ራሱን ነቀነቀ፤ ሻዩን ከማውሱ መንገድ ላይ ዞር አደረገ።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰው ደጅ ተሰልፎ ነበር፣
አብዛኛው የመሬት ጉዳይ።
ቢስሚላህ ብዬ
ቀኝ ጥግ አደረስኳት።